የሳምቡሳ መስመር ከመግዛታችን በፊት ምን እንቁጠር?

በዚህ እትም የንግድ ትምህርት ገጻችን በካኩማ ሁላችንም ስለምናውቀው አንድ ሥራ እንነጋገራለን። በማለዳ ሳምቡሳ፣ ማንዳዚና ዳቦ በብስክሌት ጭነው ለየሻይ ቤቱ የሚያድሉ ልጆች አሉ። ከእነሱ አንዱ ወደ ሦስተኛ አገር የሚሄድበት ቀን ሲደርስ ወይም ሥራ ሲቀይር "መስመሬን እሸጣለሁ" ሊል ይችላል። ታዲያ የሚሸጠው ምንድን ነው? ገዢውስ ገንዘቡን የሚከፍለው ለምኑ ነው?

የምንገዛው ምንድን ነው?

ብስክሌቱና ሳጥኑ በዓይን ይታያሉ። ዋጋቸውንም ገበያ ወጥቶ መጠየቅ ይቻላል። ከዚያ በላይ የምንከፍለው ለደንበኝነት ነው። ይኸውም ሻይ ቤቶቹ ነገም ከእኛ ይረከባሉ ለሚል ተስፋ ማለት ነው። ሻይ ቤቶቹ ግን የሻጩ ንብረት አይደሉም። እሱ በሄደ ማግስት ባለቤቷ "እኔ የማውቀው እሱን ነበር" ብላ ከሌላ ብትረከብ ማንም አይከለክላትም።

በአሜሪካም የዳቦና የድንች ቺፕስ ማከፋፈያ መስመር ይሸጣል፣ ይገዛል። እዚያ ግን ገዢው አብዛኛውን ጊዜ ከአምራቹ ኩባንያ ጋር ውል ይፈርማል፤ የሚያከፋፍልበት ክልልም በውሉ ይወሰናል። በካምፕ እንዲህ ያለ ክልል የለንም። ብስክሌት ያለው ሁሉ በዚያው መንገድ ማከፋፈል ይችላል። ስለዚህ የእኛ ዋስትና ወረቀት ሳይሆን የሻይ ቤቶቹ እምነት ነው።

ሂሳቡን እንሥራ

ለትምህርት ያህል አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሻጩ ለመስመሩ 60,000 ሽልንግ ይጠይቃል። 20 ሻይ ቤቶች አሉት። በቀን 400 ሳምቡሳ ይወስዳል። ከጋጋሪዋ አንዱን በ14 ሽልንግ ገዝቶ በ17 ያስረክባል። "በአንዱ 3 ሽልንግ፣ በቀን 1,200፣ በ26 የሥራ ቀን 31,200 አገኛለሁ፤ በ2 ወር ብርህን ትመልሳለህ" ይላል። ሂሳቡ ውሸት አይደለም፤ ግን ጎዶሎ ነው።

ከ400ው 30ው ሳይሸጥ ይመለሳል እንበል። 370 ሲሸጥ 6,290 ሽልንግ ይገባል። ለጋጋሪዋ የተከፈለው 5,600 ስለሆነ የሚቀረው 690 ነው። ለጎማ፣ ለፌስታልና ለኤምፔሳ 100፣ በዱቤ ሄዶ ለማይመለሰው በአማካይ 90 እንቀንስ። በቀን 500፣ በወር 13,000 ይቀራል። አሁንም የረሳነው አለ፤ የራሳችን ድካም! ያንኑ ሥራ ሌላ ልጅ በቀን 250 ሽልንግ ቢሠራው በወር 6,500 እንከፍለዋለን። እንግዲህ የመስመሩ እውነተኛ ትርፍ 6,500 ነው ማለት ነው። 60,000ውን ለመመለስ 2 ወር ሳይሆን ከ9 ወር በላይ ይፈጃል።

ከመክፈላችን በፊት

1. ቢያንስ 2 ሳምንት ከሻጩ ጋር አብረን እንዙር። እያንዳንዱ ሻይ ቤት የወሰደውን፣ የመለሰውንና የከፈለውን በራሳችን ደብተር እንጻፍ። የሻጩን አፍ ሳይሆን ደብተራችንን እንመን።

2. የዱቤ ደብተሩን እንይ። የቆየውን ዱቤ ማን ይሰበስባል? ሻጩ ከሆነ ከመሄዱ በፊት ይጨርስ። እኛ ከሆንን ዋጋው ይቀነስ።

3. መጥፎውን ወር እንጠይቅ። የካምፕ ገበያ ከራሽን ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2025 ራሽን በእጅጉ ሲቀነስ ስንት ይሸጥ ነበር? ዝናብ ጥሎ ላጋው (ደረቁ ወንዝ) ሲሞላና ማዶ መሻገር ሲያቅትስ?

4. ጋጋሪዋን እናነጋግር። ለእኛም በ14 ሽልንግ ትሰጠናለች? የሥጋ ሳምቡሳ በካኩማ ሙቀት ቶሎ ይበላሻል፤ የምስሩ ይሻላል። አንድ ሰው ከታመመ መስመሩ አለቀለት።

5. ወረቀታችንን እናሟላ። የካውንቲውን የንግድ ፈቃድና ለምግብ ሠራተኞች የሚሰጠውን የጤና ምርመራ ወረቀት በራሳችን ስም እናውጣ። የሻጩን ሲም ካርድም አንረከብ፤ በእሱ ስም የተመዘገበ ነው። አዲሱን ቁጥራችንን ለየሻይ ቤቱ እናስመዝግብ።

አከፋፈሉስ?

ሙሉውን በአንድ ቀን መክፈል ጥሩ አይደለም። ገሚሱን ስንረከብ፣ ገሚሱን ከአንድ ወር በኋላ እንስጥ። ሻጩ የሚሄድ ከሆነ ቀሪው ሁለቱም በሚያምኑት ሽማግሌ እጅ ይቀመጥ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ የሻይ ቤቶቹ ስም ዝርዝርና የምስክሮች ፊርማ ይኑርበት። ከወር በኋላ ከ20ው የቀሩት ስንት እንደሆኑ ተቆጥሮ፣ በጎደለው ልክ ከቀሪው ገንዘብ እንዲቀነስ አስቀድመን እንስማማ። ሻጩም እንዲህ ከሆነ ከመሄዱ በፊት በየቤቱ ይዞን ገብቶ "ከእንግዲህ እሱን እንደ እኔ እዩት" ማለቱ ይጠቅመዋል።

መልመጃ ለክፍል

መምህራን ይህንን ለተማሪዎቻችሁ ስጧቸው። ከላይ ባለው ምሳሌ ከ20ው ሻይ ቤቶች 5ቱ ቢቀሩ፣ 690ውና 90ው በሩብ ይቀንሳሉ፤ 100ው ግን አይቀንስም። ወርሃዊው ትርፍ ስንት ይሆናል?

መልስ፦ 517.50 ሲቀነስ 100፣ ሲቀነስ 67.50፣ በቀን 350 ይሆናል። በ26 ቀን 9,100 ነው። የሠራተኛው 6,500 ሲነሳለት 2,600 ይቀራል። ገንዘቡ የሚመለሰው በ23 ወር ገደማ ነው። ልብ በሉ፤ የጠፋው ደንበኛ ሩብ ብቻ ነው፤ የጠፋው ትርፍ ግን ከግማሽ በላይ ነው። ተማሪዎቹ ይህን ካዩ በኋላ "ለዚህ መስመር እናንተ ስንት ትከፍላላችሁ?" ብላችሁ ጠይቋቸው፤ ተከፋፍለውም ይከራከሩበት።