ሲያንኮራፉ ትንፋሽዎ ይቆማል? የልብ ምት የሚያሳየው

ብዙ ሰው ማንኮራፋትን የጥሩ እንቅልፍ ምልክት አድርጎ ይቆጥረዋል። ሆኖም ሲያንኮራፋ የነበረ ሰው ድንገት ዝም ብሎ፣ ጥቂት ቆይቶ እንደታፈነ ሰው አየር የሚስብ ከሆነ ይህ ጥሩ እንቅልፍ አይደለም። የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ ይባላል። ሰው ሲተኛ የጉሮሮ ጡንቻዎች ስለሚላሉ የአየሩ መተላለፊያ ይዘጋል፤ ትንፋሽም ቢያንስ ለ10 ሴኮንድ ይቋረጣል። ሕመሙ የጠናበት ሰው በአንድ ሌሊት ይህ በመቶ ለሚቆጠር ጊዜ ሊደጋገምበት ይችላል፤ ጠዋት የሚያውቀው ግን ራስ ምታቱንና ድካሙን ብቻ ነው።

ይህ ከልብ ጋር ምን ያገናኘዋል? ትንፋሽ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ የልብ ምት ይዘገያል። ኦክሲጅን ሲያንስ አንጎል ሰውየውን ለአፍታ ያባንነዋል፤ ጉሮሮው ይከፈታል፣ ልብም ይፈጥናል። ከዚያ እንደገና መዝጋት፣ እንደገና መዘግየት። ስለዚህ የልብን የኤሌክትሪክ ሞገድ ሌሊቱን ሙሉ የሚመዘግብ መሣሪያ ደረት ላይ ቢለጠፍ ምቱ እንደ ዳገትና ቁልቁለት ሲወጣና ሲወርድ ይታያል። ሐኪሙ ክርስቲያን ጊልሚኖና ባልደረቦቻቸው ይህን እ.ኤ.አ. በ1984 ጽፈው አሳውቀዋል። በተጨማሪም ደረት በትንፋሽ ከፍና ዝቅ ሲል የሞገዱ ቁመት በመጠኑ ስለሚለዋወጥ፣ ትንፋሹን ራሱን ከልብ ሞገድ መገመት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ2000 በዚህ ላይ የተመራማሪዎች ውድድር ተደርጎ ነበር። በጀርመን የማርቡርግ ዩኒቨርሲቲው ቶማስ ፔንዘል የሰጧቸው 70 የሌሊት ቅጂዎች ቀርበው፣ ኮምፒዩተር ከልብ ሞገድ ብቻ ሕመሙን እንዲለይ ተሞከረ። አንዳንድ ቡድኖች በግልጽ የታመመውን ከጤነኛው አንድም ሳይሳሳቱ ለዩ። ትንፋሹ የተቋረጠበትን ደቂቃ ለይቶ ማውጣት ግን ከበድ ያለ ነበር፤ የተሻለው ውጤት ከመቶ 93 ገደማ ነው። ሕመሙ መሐል ላይ የሆነባቸው ሰዎች በታማሚና በጤነኛ ልየታው ነጥብ ውስጥ አልገቡም። ክሊኒክ ውስጥ የሚያስቸግረን ግን ይኸው የመሐሉ ሰው ነው።

የልብ ምታቸው የተዛባ፣ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመላቸው ወይም ምትን የሚያዘገይ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም በዚህ ዘዴ በቀላሉ አይለዩም። ስለዚህ ሕመሙን ለማረጋገጥ ትንፋሽና ኦክሲጅንም አብረው ሌሊት ይለካሉ።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ቀን ነቅተው፣ ተጋድመው ለጥቂት ሴኮንድ የሚነሱት ኢ.ሲ.ጂ. ይህን ሕመም አያሳይም። «ልብዎ ደህና ነው» ቢባሉም የሌሊቱ ነገር ገና አልታየም ማለት ነው።

ይህን በተለይ ለነፍሰ ጡሮች የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በእርግዝና ወቅት ክብደት ይጨምራል፣ አፍንጫም ውስጡ ያብጣል፤ አንኮራፍታ የማታውቅ ሴትም ማንኮራፋት ልትጀምር ትችላለች። የትንፋሽ መቋረጥ ያለባቸው ነፍሰ ጡሮች ደግሞ ለደም ግፊትና ለእርግዝና መመረዝ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸው በጥናት ታይቷል። ችግሩ፣ ሴት ልጅ «አንኮራፋለሁ» ማለት ታፍራለች፤ እኛም አዋላጆች ሁልጊዜ አንጠይቅም።

እንግዲህ ለክትትል ከመምጣትዎ በፊት ባለቤትዎን ወይም አብራዎት የምታድረውን እህትዎን ይጠይቁ፦ አንኮራፋለሁ? ትንፋሼ ይቆማል? ታፍኜ እባንናለሁ? መልሱን ግፊትዎ ሲለካ ለነርሷ ይንገሯት። እስከዚያው በጎንዎ ይተኙ፤ ሐኪም ያላዘዘውን የእንቅልፍ ኪኒን አይውሰዱ፣ ጉሮሮን ይበልጥ ያላላልና። ሕመሙ ከተረጋገጠ አየር በግፊት እየነፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርግ ጭንብል አለ፤ በእርግዝና ጊዜም ይደረጋል።