ጓያ ለምን እግር ይሰብራል?

ጓያን የማያውቅ ገበሬ ጥቂት ነው። ዋልካ መሬት ላይ ውሃ ቢተኛበት ይችላል፤ ዝናብ ቢቀርም ቶሎ አይሞትም። ሌላው ሰብል ሲጠፋ እሱ ይተርፋል። ነገር ግን በችግር ቀን የሚያበላን ይኸው ጓያ የብዙ ሰው እግር ሰብሯል። በ1989 ዓ.ም. ገደማ በወሎ፣ በደላንታና በዳውንት፣ ሌላው ሰብል ጠፍቶ ጓያ ዋና ምግብ በሆነ ጊዜ ብዙ ሰዎች ሽባ ሆነዋል።

አንዳንዶቻችን «ጭዱ ነክቶት ነው»፣ «ሲቀቀል እንፋሎቱ መትቶት ነው» እንላለን። እንዲህ አይደለም። እርግማንም አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በሽታው የሚመጣው ጓያን አብዝቶ ከመብላት ነው።

ቤት በድንጋይ በድንጋይ እንደሚገነባ ሁሉ ሰውነታችንም አሚኖ አሲድ በሚባሉ ጥቃቅን ነገሮች ይገነባል። ለዚህ ሥራ የሚሆኑት ሃያ ያህል ዓይነት ናቸው። ጓያ ግን ከእነዚህ ሌላ፣ ለግንባታ የማይሆን አንድ እንግዳ አሚኖ አሲድ አለው። የህንድ ተመራማሪዎች በ1956 ዓ.ም. ለይተው አወጡት። ይህ ነገር እግርን የሚያዙትን ነርቮች ይጎዳል። አልፎ አልፎ ለበላው ሰው ጉዳቱ አይታይም። ለሁለትና ለሦስት ወር ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግር ይከብዳል፣ ይገትራል። ሰውየው በእግሩ ጣት ይራመዳል፤ ምርኩዝ ይይዛል፤ ሲብስም ይድሃል። ከሰበረ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ጓያን ብቻውን አንብላ። ከጤፍ፣ ከገብስ ወይም ከማሽላ ጋር እንቀላቅለው። ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጓያ ቢሆን ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ጓያውን በብዙ ውሃ ዘፍዝፈን እናሳድር፤ ውሃውን እንድፋ። መርዙ በውሃ ይሟሟልና ከውሃው ጋር አብሮ ይወጣል። ውሃው ካልተደፋ ግን መርዙ እዚያው ነው።

ሦስተኛ፣ እሸቱን፣ ቆሎውንና ንፍሮውን አናብዛ። ብዙ ሰው ተጎድቶ የተገኘው በእነዚህ ነው። ከእህል ጋር ተቀላቅሎ የቦካ እንጀራ ይሻላል።

አራተኛ፣ እግር መክበድ ሲጀምር ጓያውን ወዲያው እንተው፤ ወደ ጤና ጣቢያም እንሂድ።

ለራበው ሰው «ጓያ አትብላ» ማለት ብቻ አይበቃም። ስለዚህ ምርት በደህና በገባ ዓመት ለመቀላቀያ የሚሆን ጥቂት እህል እናስቀምጥ። በክፉ ቀን እግራችንን የሚያተርፈው ይህ ጥቂት እህል ነው።