የ28ኛው ቀን ምስጢር

እስቲ ከእኔ ጋር ቁጠሩ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሰኞ ይገባል። 7ኛው ቀን እሑድ ቅድስት ነው፤ 14ኛው ምኩራብ፣ 21ኛው መጻጉዕ፣ 28ኛው ደብረ ዘይት። ከደብረ ዘይት በፊት 27 ቀን አለ፤ ከደብረ ዘይት በኋላም 27 ቀን ይቀራል። እኩለ ጾም የሚባለውም ለዚህ ነው። በዚህች መካከለኛ ቀን ቤተ ክርስቲያን የምታሳስበን ጌታ በክብር ዳግመኛ መምጣቱን ነው! የሚነበበው ወንጌል ማቴዎስ 24 ነው።

ይህ አቀማመጥ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ የገረመኝን ላካፍላችሁ። በመጀመሪያው ሳምንት የጾሙ ግለት ራሱ ይሸከመናል። በመጨረሻው ሳምንት ደግሞ ሕማማት አለ፣ ትንሣኤም ቀርቧል። የሚያስቸግረው መሐሉ ነው። በአራተኛው ሳምንት ከቀትር በኋላ አዲስ አበባ ጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ጿሚ ያውቀዋል፦ ቅዳሴ ገና አልወጣም፣ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ከአንዱ በር የተቆላ ቡና ይሸታል። ፈተናው ደግሞ በምግብ አያበቃም። ቢሮ ውስጥ «ለሻይ» ተብሎ የሚዘረጋ ብር አለ፤ የደመወዝ ቀን የሚጠብቅ ውርርድ አለ፤ ሌሊት ሁሉም ሲተኛ ስልክ ላይ የሚከፈት ነገር አለ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ብዙዎቻችን የምናውቀው መንገድ ጥርስን ነክሶ መቻል ነው። ለአንድ ሰዓት ያህል ይሠራል። ችግሩ ዓይናችን ፈተናው ላይ እንደተተከለ መቅረቱ ነው፤ «አልበላም፣ አልበላም» የሚል ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያስበው መብሉን ነው። አሁን ከጦር ኃይሎች ቀላል ባቡር ተሳፍሮ አያት የሚወርድን ሰው አስቡት። ልደታ ላይ በሩ ይከፈታል፣ ሜክሲኮ ላይ ይከፈታል፣ ስታዲየምም መገናኛም ይከፈታል። ሰውየው በየጣቢያው «አልወርድም!» እያለ ከራሱ ጋር አይታገልም፤ ቤቱ አያት ነው። ሰማያዊ እይታ የሚባለው ይህ ነው፦ የምንደርስበትን ቦታ በዓይነ ልቡና እያዩ በመንገድ የሚከፈተውን በር ማለፍ። ቅድስት እሑድ፣ ገና በ7ኛው ቀን፣ መዝገባችንን በሰማይ እንድናከማች የሚናገረው የማቴዎስ 6 ወንጌል የሚነበበውም ልባችን አስቀድሞ መድረሻውን እንዲያውቅ ይመስለኛል።

ጌታ በገዳመ ቆሮንቶስ የተፈተነውን ታውቁታላችሁ። መምህሮቻችን ስስትን በትዕግሥት፣ ትዕቢትን በትሕትና፣ ፍቅረ ንዋይን በጸሊአ ንዋይ ድል እንደነሣ ያስተምራሉ። እኔ ግን ሦስተኛው ፈተና ላይ ቆም እንድትሉ እፈልጋለሁ። ዲያብሎስ ጌታን የወሰደው ወደ ከፍታ ነው! እጅግ ረጅም ወደሆነ ተራራ አውጥቶ የዓለምን መንግሥታት ሁሉ ከነክብራቸው አሳየው። ከፍ ብሎ ማየት ብቻውን ፈተናን የሚያሸንፍ ቢሆን ኖሮ ፈታኙ ተራራ ባልመረጠ ነበር። ያ ተራራ ምንም ያህል ቢረዝም ዓይንን የሚመራው ወደ ታች ነው፤ ከዚያ ላይ ዓለም ይታያል፣ የዓለሙ ባለቤት ግን ይረሳል። ጌታ የመለሰውን ደግሞ ተመልከቱ። መንግሥታቱ ስንት ያወጣሉ ብሎ አልተከራከረም፤ ስግደት ለማን እንደሚገባ ተናገረ፣ ነገሩም አበቃ። እኛ የምንሸነፈው አብዛኛውን ጊዜ ክርክሩ ውስጥ ነው፦ «ያን ያህል አይከፋም»፣ «ዛሬ ብቻ»፣ «ሁሉም ይወስዳል»። አባቶች ኀጢአትን ኀልዮ፣ ነቢብ፣ ገቢር ብለው ሲከፍሉ ውጊያው ገና በሐሳብ ሳለ እንዲያልቅ ፈልገው ነው።

ይህ ለገዳም እንጂ ለከተማ አይሆንም የሚል ካለ ሰማዕቱን ጳጳስ አቡነ ጴጥሮስን ያስብ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ፋሺስቶች በጥይት ከመግደላቸው በፊት የጠየቋቸው አርበኞችን ሽፍታ ብለው እንዲያወግዙና ሕዝቡ ለጣሊያን እንዲገዛ እንዲሰብኩ ነበር። የፈተናውን ልስላሴ አያችሁት? ክርስቶስን ካዱ አልተባሉም። አንድ ቃል ተናግሮ በሕይወት መኖር ይቻል ነበር፤ «ኖሬ መንጋዬን ላገልግል» የሚል ምክንያትም ቅርብ ነበር፣ ያውም ጻድቅ የሚመስል ምክንያት። እሳቸው እንቢ አሉ፤ ሕዝቡም ምድሪቱም ለወራሪው እንዳይገዙ ገዘቱ። እኔ እንደሚገባኝ ከፊታቸው ከተቀመጡት ዳኞች በላይ የሚቀመጠውን ዳኛ አይተዋል፤ የጥይቱ ማስፈራሪያም ሊያናግራቸው ያልቻለው ለዚህ ነው።

ሰማይን የሚያስብ ሰው ምድርን ይንቃል የሚለውን ወቀሳ የማልቀበለውም እሳቸውን ሳስብ ነው። ሊሞቱ ሲሉ እንኳ ግዝታቸው ስለ አፈሩ ነበር።

የጾሙ አቆጣጠርም ይህንኑ ይመሰክራል። ከደብረ ዘይት በኋላ ያለው እሑድ ገብር ኄር ነው፤ የሚነበበው የመክሊቱ ምሳሌ ነው። ጌታ ይመጣል ተብሎ በተሰበከ በሳምንቱ «የሰጠሁህን ምን አደረግህበት?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ስለዚህ በደብረ ዘይት ምጽአትን አስቦ ሰኞ ቢሮው ሲገባ «ለሻይ» የተባለውን ብር የመለሰ ሰው ገና ግማሹን ነው የሠራው። የባለጉዳዩን ፋይል በዚያው ቀን ጨርሶ፣ በፈገግታ መሸኘት ይቀረዋል።