ስልክዎ ቢጠፋ ባክአፑ በእርግጥ ይመለሳል?

ስልክዎ ውስጥ ያለውን ለአፍታ ያስቡት። የልጅዎ ፎቶ፣ የእናትዎ የድምፅ መልእክት፣ የሥራ ውልዎ ኮፒ፣ የፓስፖርትና የኢቃማ ፎቶ፣ ወደ ቤት የላኩት ገንዘብ ደረሰኝ። ስልኩ ውሃ ቢገባበት ወይም ቢሰረቅ ሌላ ይገዛል፤ በውስጡ ያለው ግን አይገዛም። ደመወዝ አልተከፈለኝም ብለው አቤት ሲሉ የሚጠየቁት ማስረጃም ብዙ ጊዜ ያለው እዚያው ነው።

«ባክአፕ አለኝ» ማለት አንድ ነገር ነው፤ ባክአፑ ሲፈለግ መመለሱ ሌላ ነው። ኮምፒውተር የሚጠግኑ ሰዎች ይህን ያውቁታል። የአንዱን ሃርድ ዲስክ ይዘት ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጠው ሲያበቁ፣ ኮምፒውተሩ በአዲሱ ዲስክ አልነሳ የሚልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ አዲሱ መሥራቱን ሳያዩ የድሮውን አያጠፉም። እርስዎም በስልክዎ እንዲሁ ያድርጉ።

መጀመሪያ ኢሜይሉ የማን እንደሆነ ይመልከቱ። አንድሮይድ ስልክ ባክአፑን የሚያስቀምጠው በጎግል አካውንት ነው። ያንን አካውንት የከፈተልዎ ስልክ ሻጩ ወይም የማዳም ልጅ ከሆነ፣ የይለፍ ቃሉንም እሱ ብቻ ካወቀ፣ ቁልፉ በሰው እጅ ነው። የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ፤ ካልተቻለ በራስዎ ስም አዲስ ይክፈቱ። በወረቀት ጽፈው ከስልኩ ለይተው ያስቀምጡ። ጎግል በአዲስ ስልክ ሲገቡ ኮድ ሊልክ ይችላል። ኮዱ የሚሄደው ወደጠፋው ሲም ከሆነ መግባት ይቸግርዎታል። ስለዚህ በጣም የሚያምኑትን የቤተሰብ ስልክ ቁጥር ወይም ሌላ የራስዎን ኢሜይል በመጠባበቂያነት ያስመዝግቡ።

ዋትስአፕ የራሱ ጠባይ አለው። ባክአፑ የሚመለሰው በዚያው ስልክ ቁጥር ሲገቡ ነው። አዲሱ ስልክ ላይ መልሶ ማምጣት ይፈልጉ እንደሆነ የሚጠይቅዎ መጀመሪያ ሲገቡ ነው፤ ቸኩለው ካለፉት ዋትስአፑን አጥፍተው እንደገና መጫን ይኖርብዎታል። አንድሮይድ ላይ በጎግል የተቀመጠው ባክአፕ አይፎን ላይ አይከፈትም፤ ወደ አይፎን ለመቀየር ሁለቱንም ስልኮች በእጅዎ ይዘው ማስተላለፍ አለብዎት። ባክአፑን በይለፍ ቃል ቆልፈውት ቃሉን ከረሱት ደግሞ ዋትስአፕ ራሱ ሊከፍትልዎ አይችልም።

ባክአፑ መቼ እንደተወሰደም ይዩ። ዋትስአፕ ዋይፋይ ብቻ እንዲጠብቅ ተደርጎ ከሆነና የቤቱን ዋይፋይ ካልሰጡዎት፣ ወራት ሊያልፉት ይችላሉ። በዋትስአፕ ሴቲንግ የባክአፑን ገጽ ሲከፍቱ የመጨረሻው ቀን ተጽፎ ያገኙታል። ቦታም ይሞላል። ጎግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት፣ የአይፎኑ አይክላውድ ደግሞ 5 ጊጋባይት ነው። ሲሞላ አዲስ ፎቶ መግባት ያቆማል፤ ማስጠንቀቂያውን ግን ብዙ ሰው ሳያነብ ያልፈዋል።

ብዙዎችን የሚያሳስት ሌላ ነገር አለ። ስልኩን ለማቅለል ብለው ከጎግል ፎቶ ላይ ሥዕል ሲያጠፉ፣ ከስልኩ ብቻ ሳይሆን ከባክአፑም ይጠፋል። ባክአፕ የተደረገ ፎቶ በቆሻሻ መጣያው ውስጥ 60 ቀን ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም። ቦታ ለማስለቀቅ ከፈለጉ ፎቶውን ከስልኩ ላይ ብቻ የሚያነሳውን አማራጭ ይጠቀሙ።

ወደ አገር ቤት ጠቅልለው ሊገቡ ከሆነ ይህን ከጉዞው በፊት ይጨርሱ። እዚህ የያዙት ሲም ሲዘጋ ቁጥሩ ቆይቶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ዋትስአፕ ውስጥ ቁጥር መቀየሪያ አለ፤ የኢትዮጵያ ቁጥርዎን ያስገቡበት። የጎግል አካውንትዎ ላይም የተመዘገበውን ቁጥር ይቀይሩ። ለ2 ዓመት ያልተከፈተ አካውንትን ጎግል ሊያጠፋው ስለሚችል፣ ቢያንስ በየጥቂት ወሩ ገብተው ይዩት።

የዕረፍት ቀንዎ ሲደርስ በአንዲት በሚያምኗት ጓደኛ ስልክ ሙከራ ያድርጉ። በራስዎ ኢሜይልና የይለፍ ቃል ገብተው የልጅዎን ፎቶና የውልዎን ኮፒ ይፈልጉ። ካገኟቸው ባክአፕ አለዎት፤ ካላገኟቸው ስልክዎ ገና በእጅዎ እያለ ያስተካክሉት። ሲጨርሱ ከጓደኛዎ ስልክ ላይ አካውንትዎን ማውጣት አይርሱ። በመልእክት የሚመጣልዎትን ኮድም ማንም ደውሎ ቢጠይቅዎ አይስጡ።