ጌጁ ሲሞት፣ ገንዘብ ከመላክሽ በፊት

በላብሽ ባጠራቀምሽው ገንዘብ ለወንድምሽ የገዛሽለት አሮጌ ሚኒባስ አንድ ቀን እንዲህ ያስደውለው ይሆናል፦ «ጌጆቹ አንዴ ይሠራሉ፣ አንዴ ይሞታሉ። መካኒኩ ዳሽቦርዱ በሙሉ ይቀየር ብሏል፤ ገንዘብ ላኪልኝ።»

ከመላክሽ በፊት ጠይቂው፦ የሚሞቱት አብረው ነው ወይስ አንዱ ብቻ?

የነዳጁና የሙቀቱ ጌጅ እኩል ከወደቁ፣ ሁለቱም በአንድ ቀን ተበላሹ ማለት ይከብዳል፤ ብዙውን ጊዜ የተቋረጠው የጋራ መስመራቸው ነው። መጀመሪያ ፊውዙ ይታይ። ቀጥሎ ማሳው፣ ማለትም ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው የኔጌቲቭ ሽቦ፣ ዝጎ ወይም ላልቶ እንደሆነ ይፈተሽ። ከዚያ ባትሪው ተፈትቶ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለው ሶኬት ይጸዳ። በብዙ አሮጌ መኪኖች ለሁለቱም ጌጆች ኃይል የምትመጥን ትንሽ ዕቃ አለች፤ እርሷ ስትደክም ሁለቱም ይሳሳታሉ። ዳሽቦርዱን መታ ሲያደርገው ጠቋሚዎቹ የሚነሡ ከሆነ ደግሞ የላላ ነገር አለ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ለማየት አዲስ ዳሽቦርድ አያስፈልግም።

የነዳጁ ብቻ ከሆነ፣ ታንኩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ወይም ሽቦው ይጠረጠራል። እስኪሠራ ድረስ በኪሎ ሜትር እየቆጠረ ይቅዳ።

የሙቀቱ ጌጅ ግን ቀልድ አይደለም። ሞተሩ ውኃ ጨርሶ ሲግል ጠቋሚው ዝም ካለ ቴስታታው ሊጣመም ይችላል፤ ያ ወጪ የስንት ወር ደመወዝሽን ይበላል! ስለዚህ ጌጁ እስኪታመን ሰው ጭኖ አይውጣ። ውኃውንም ጠዋት ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ይይ፤ የራዲያተሩን ክዳን በትኩሱ ከከፈተ ፊቱን ያቃጥለዋል።