ብስክሌት ስትነዱ እግራችሁን ያቃጥላችኋል?

በካኩማ ካምፕ ሰውና ዕቃ በብስክሌት የምታመላልሱ፣ እንዲሁም ከብሎክ ብሎክ የምትዞሩ የጤና በጎ ፈቃደኞች፣ ውስጥ እግራችሁን ሲያቃጥላችሁና ጣቶቻችሁ ሲደነዝዙ ድካም ነው ብላችሁ አትለፉት። ብዙውን ጊዜ መንስዔው ጫማና የእግር አቀማመጥ ነው።

ከጣቶች ሥር በአጥንቶች መካከል ነርቮች ያልፋሉ። ነጠላ ጫማ ወይም ሶሉ የሳሳ ሸራ ጫማ ፔዳሉ ላይ ስለሚታጠፍ ክብደቱ በአንድ ቦታ ያርፍና ነርቮቹን ይጫናል። ሶሉ ጠንከር ያለ ጫማ ይሻላል፤ ከተገኘ ተረከዙ ላይ የሚታሰር በረባሶም አይናቅም። በሙቀት እግር ስለሚያብጥ ጠዋት የታሰረ ጫማ እኩለ ቀን ላይ ይጠብቃል፤ ቆም ብላችሁ አላሉት።

ፔዳሉን በጣት ጫፍ አትርገጡ። ሰፊው የእግር ክፍል ፔዳሉ መሐል ላይ ይረፍ፤ ካቃጠላችሁ እግራችሁን ጥቂት ወደ ፊት ግፉት። ጫማቸው ከፔዳል ጋር የሚያያዝ የተራራ ብስክሌት ጋላቢዎችም ሲያማቸው ማያያዣውን ወደ ተረከዝ የሚያስጠጉት ለዚሁ ነው። መቀመጫው ከልክ በላይ ከፍ ካለ በጣት ጫፍ መርገጥ ግድ ይሆናል፤ ስለዚህ ዝቅ አድርጉት። አሸዋ ሲያጋጥማችሁም ከመታገል ወርዶ መግፋት ይሻላል።

ከብስክሌት ወርዳችሁም መደንዘዙ ካልለቀቃችሁ ወደ ክሊኒክ ሂዱ። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ አንድ ቀንም አይጠብቅ፤ የደነዘዘ እግር ቢቆስል አይሰማም። ማታ ማታ ውስጥ እግሩንና የጣቶቹን መካከል ይመልከት፤ ማየት የሚቸግረው ከሆነ የቤት ሰው ይይለት።