የአርትሮፖዳ ዋና ዋና ወገኖችና ተባይን በአካል ገጽታው የመለያ መንገድ

አርሶ አደሮች በማሳቸው ወይም በከብቶቻቸው ላይ ተባይ ሲያዩ በአብዛኛው በቅድሚያ የሚጠይቁት የመድኃኒቱን ስም ነው። ሆኖም መድኃኒት ከመገዛቱ በፊት ተባዩ የየትኛው ወገን እንደሆነ መታወቅ ይኖርበታል።

በርካታ ተባዮች አርትሮፖዳ በተባለው ትልቅ የእንስሳት ወገን ይመደባሉ። እነዚህ እንስሳት የጀርባ አጥንት የላቸውም፤ እግራቸው ባለ መገጣጠሚያ ሲሆን አካላቸው በጠንካራ ቅርፊት የተሸፈነ ነው። ቅርፊቱ ከአካሉ ጋር አብሮ ስለማያድግ በየጊዜው ተገፍፎ ይጣላል። የበረሃ አንበጣ ኩብኩባ ክንፍ አውጥቶ እስኪበር ድረስ በአብዛኛው አምስት ጊዜ ቅርፊቱን ይቀይራል። የመከላከል ሥራ ኩብኩባው መብረር ከመጀመሩ በፊት ቢከናወን የሚመረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ነፍሳት ራስ፣ ደረትና ሆድ ተብሎ የሚለይ አካል፣ ስድስት እግርና አንድ ጥንድ አንቴና አላቸው። አንበጣ፣ ነቀዝ፣ ክሽክሽና ንብ ከዚህ ወገን ናቸው። አባጨጓሬም ትል ቢመስልም የነፍሳት ወገን ነው። በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው መጤ የአሜሪካ ተምች በግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ዋይ ፊደል የሚመስል ነጣ ያለ መስመር፣ ወደ ጅራቱ አካባቢ ደግሞ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጥቦች ይታዩበታል።

ሸረሪት፣ ጊንጥና መዥገር ነፍሳት አይደሉም። ስምንት እግር ሲኖራቸው ክንፍና አንቴና የላቸውም። (ከእንቁላል አዲስ የወጣ መዥገር ስድስት እግር ብቻ ስላለው ሊያሳስት ይችላል።) ቲማቲምን የሚያጠቃው ቀይ ሸረሪትም የዚሁ ወገን ነው። ለነፍሳት የተዘጋጁ በርካታ መድኃኒቶች በቀይ ሸረሪት ላይ አይሠሩም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ተባዩን የሚመገቡ ጠቃሚ ነፍሳትን በመግደል ቁጥሩ እንዲበዛ ያደርጋሉ። አርሶ አደሩ በዚህ ሳቢያ ገንዘቡንም ምርቱንም ያጣል።

በውኃ ውስጥ የሚኖሩት ሸርጣኖች፣ እንዲሁም መቶ እግርና ሺህ እግር የየራሳቸው ወገን አላቸው።

ተባዩን መለየት ያልቻለ አርሶ አደር ናሙናውን በሚከደን ዕቃ ይዞ ወይም ፎቶግራፍ አንስቶ በቀበሌው ለሚገኝ የግብርና ልማት ሠራተኛ ማሳየት ይችላል። ርጭት የሚያስፈልግ ከሆነ ሰብሉ ሲያብብ ከመርጨት መቆጠብ፣ ለአካባቢው ንብ አናቢዎች አስቀድሞ ማሳወቅና ንቦች ወደ ቀፏቸው ከተመለሱ በኋላ አመሻሽ ላይ ማከናወን ይገባል።